ጥቁሯ ሽቦ

በዱባይ ሻንጣ ጥግ፣ ካልሲ መሀል ተሸጉጦ፣
ቤቴ ገባ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ተላልጦ፤
ሃያ ሁለት ሬዚስተር፣ ዘጠኝ ካፓሲተር፣
ሁለት ትራንዚስተር፣ እግራቸው የትንኝ እግር፣
አንዲት አረንጓዴ መብራት፣ የምስር ፍሬ የምታክል፣
አንድ ባዶ የብረት ሣጥን፣
አንድ የሥዕል ወረቀት፣ ግማሹ የማይነበብ፣ ግማሹ የሚያታልል።

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ፤
መብራት ሲመጣ ስበይድ፣ ሲሄድ በሻማ ስጠብቅ፣
ሦስት ሌሊት ነጋብኝ።
በአራተኛው የመጨረሻዋን ነጥብ በይጄ፣
ትንፋሼን ውጬ፣ ጃኩን ሰካሁ በገዛ እጄ።
አረንጓዴዋ በራች!
ጊታሩ ግን ዝም።
ድምፅ ያጎላል የተባለ ሣጥን ያለኝንም ድምፅ ዋጠ፣
እንደ ቀበሌ ማመልከቻ ገባ፣ በዚያው ቀለጠ።

ቴስተር ተውሼ ከእግር እስከ ራሱ መረመርሁት።
ባትሪው ዘጠኝ ቮልት። ደህና።
አንዷን ትራንዚስተር ገልብጬ አስገብቻት ኖሯል፣ ፊቷን ወደ ጓሮ፤
ነቅዬ መለስኋት በስንት እሮሮ።
አንዲት ብየዳም አገኘሁ፣ ደብዝዛ የደረቀች፣
ከላይ የያዘች መስላ ከሥር ያልነካች
(እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ይቅር)።
አሞቅኋት። ፈሰሰች። እንደ መስታወት አብረቀረቀች።

ድምፅ መጣ።
የኔ ግን አይደለም።
እምምም… እንደ ተቆጣ ቀፎ፣ እንደ ወፍጮ ቤት፤
ከሥሬ እቴነሽ በመጥረጊያ እንጨት
ኮርኒሷን ነረተችው።
ከጉምጉምታው ውስጥ ደግሞ፣ ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው፣
የሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፅ፣ ሩቅ፣ የታፈነ፣ ያነሰው፤
«አንድ ኪሎ ሽንኩርት…» አለ ጊታሬ።
ጣቴን ሣጥኑ ላይ ሳሳርፍ ጸጥ ይላል፣
ሳነሣ ያጓራል፤
ጠባዩ የሕፃን፣ እጅ ካልነካው የማይተኛ።
እንዲህ ይዤው አልኖር።

ጠዋት በፌስታል አንጠልጥዬ ደረጃውን ወረድሁ፣
ከታክሲ ተራው ጀርባ ኦቦ ቱፋ ኮንቴይነር ሄድሁ።
ሬዲዮ ይጠግናሉ፣ ቻርጀር፣ የተቃጠለ ዲኮደር፤
ፔዳል ስላቸው የብስክሌት መስሏቸው ነበር።
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በባዶ ዓይን አዩት።
አሸተቱት።
በጥፍራቸው አንዲት ሽቦ ነካ አደረጉ፣ ጥቁሯን፤
ሣጥኑን መያዝ ሲገባት፣
አየር ላይ ተንጠልጥላ የቀረችውን።

«መሬት አላገኘም» አሉ።
«ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ሁሉም በቦታው ነው፤ ብቻ መሬት የለውም።
መሬት የሌለው ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤
ይጮሃል፣ የሰው ወሬ ይለቅማል፣ የራሱን አይናገርም።»

ልስቅ ነበር።
ዓይናቸው ግን ሽቦው ላይ የለም፤
በኮንቴይነሩ በር ወጥቶ፣ የእኛን የውሃ ታንከር አልፎ፣
ከብሎኩ ጥግ አርፏል።
አንድ ቀን መልስ ሲቆጥሩልኝ፣ ሳልጠይቃቸው፣
«እዚያች ጋ ጥቁር አፈር ነው፤ ሽምብራ ይወዳል» ብለውኛል።
«ይወድ ነበር» አላሉም።

ካውያቸውን በምራቅ ፈተኑ። ጭስ። የሣጥኑን ቀለም ፋቁ፣
ሽቦዋን ተከሉ፣ እስክትረጋ ድረስ በጣታቸው ጠበቁ።
አሮጌ ስፒከር ቀጠሉልኝ፤ አንድ ክር መታሁ፤
ኮንቴይነሩ ከነቆርቆሮው ተርገፈገፈ።
«ኧረ አሁንም ይጮሃል!» ብለው ደነገጡ።
«አዎ፣ ኦቦ ቱፋ፤ ይሄኛው ግን የራሱ ነው።»
ጥቂት አሰቡበት።
«እሱስ ልክ ነው» አሉ። ሃያ ብር ተቀበሉ።

ማታ፣ መብራት አለ።
ጥቁሯ ሽቦ ከሣጥኑ፣ ሣጥኑ ከወለሉ፤
ከወለሉ ሥር እቴነሽ፣ ከእቴነሽ ሥር ስማቸውን የማላውቃቸው፣
ከእነሱ ሥር አሸዋና ድንጋይ፣
ከዚያ ሥር…
ድምፁን ቀነስሁ።
ጫማዬን አወለቅሁ፣
ቀስ ብዬ ረገጥሁ።